ያለ ሽማግሌ የገባነው ጉርዳ

ባለፈው ሳምንት ከወልቂጤ ወደ ጉብሬ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ በሁለት ተማሪዎች መሐል ተጣብቄ ተቀምጬ ነበር። ግቢ ገብታ የምትማረውን የልጅ ልጄን ልጠይቅ መሄዴ ነው፤ ጉልበቴ ላይ እናቷ የላከችላት በሶ አለ። ልጆቹ ፈተና እንደደረሰባቸው ያስታውቃሉ። በግራዬ ያለችው የተጨማደደ ሃንድአውት ዘርግታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። በቀኜ ያለችው ስልኳን ፍለጋ ቦርሳዋን ስትከፍት ሽታው ወጣ፤ ጠዋት ተቀንጥሶ በእርጥብ ኮባ የተጠቀለለ ጫት። እኔ ቅጠል ለመጨረሻ ጊዜ የቀመስኩት ጸጉሬ ጎፈሬ ሆኖ በር ላይ ሳጎነብስ ነው፤ ዛሬ ማበጠሪያ ከገዛሁ ስንት ዘመኔ። አፍንጫዬ ግን ጡረታ አልወጣም፤ ባጃጇ ጉድጓድ በዘለለች ቁጥር ምራቄን እውጥ ጀመር።

«ፋዘር፣ ምነው አፈጠጡበት?» አለች ባለ ቦርሳዋ።

«ለእኔ የገዛሽልኝ መስሎኝ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። «ለጥናት ብቻ ነው፤ ሱስ ምናምን የለብንም። ካልቃምኩ ወላሂ አንድ ገጽ አልዘልቅም።»

«እኔም ልክ እንደዚሁ ነበር የምለው» አልኳት።

«እና አለፉ?»

«አለፍኩ። ግን በእሱ አይደለም።»

ባለ ሃንድአውቷ ቀና አለች። «ዘንድሮ ደግሞ ማን ያጠናል? መልሱን ቴሌግራም ላይ ይለቁታል ተብሏል» አለች፤ ጓደኛዋ በእኔ ላይ አሻግራ በክርኗ ጎሸመቻት። ከዚያም ዞር ብላ በጥርጣሬ «አስተማሪ ነዎት እንዴ?» ስትለኝ፣ «ሒሳብ፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት» አልኳት። ቦርሳው ወዲያው ተዘጋ። ልቆጣቸው በተገባኝ ነበር፤ ግን በምን አንደበቴ። ባጃጇ ጉብሬ እስክትደርስ ሽታውን ተከትዬ ቡታጅራ ገባሁ፤ ዛሬ ያለችዋን ሳይሆን የእኔና የክፍሌን ቡታጅራ።

የዚያን ጊዜዋ ቡታጅራ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው አንድ ትልቅ አቧራ ነበረች። የጋሪ ፈረሶች አንገታቸው ላይ ቃጭል አለ፤ ልብስ ሰፊዎች በረንዳ ላይ መኪናቸውን ደርድረው ቀኑን ሙሉ ያንቀጨቅጩታል፤ ዘቢደር ተራራ በምዕራብ በኩል ቆሞ ሁላችንንም ያየናል። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ አሥር ሳንቲም ነበር። በሻይ ቤቱ ያለችው ቴፕ አንዲት ካሴት ብቻ ነበራት። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ሄዶ መሐል ላይ ይተኛል፤ ባለቤቱ ካሴቱን አውጥቶ በእስክሪብቶ ያጠነጥነውና ባትሪውን ነክሶ መልሶ ይከተዋል። እኛም ዘፈኑን ከቆመበት ተቀብለን እንጨርስለታለን። ፋሽኑ ታቹ የሰፋ ሱሪ ነበር፤ ጫማን ከነአካቴው ይሸፍናል። ለእኔ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ከሥሩ ያለው የተቀደደ ኮንጎ ጫማ መሆኑን ማንም አያውቅብኝም። በላያችን ማን ይገዛ እንደነበር አሁን ብነግራችሁ ምን ያደርግላችኋል፣ እኛ ራሳችን የምናስበው ስለ ሱሪው ነበር።

ክፍሌ የቡኢ ልጅ ነው፣ ክርስቲያን፣ የሶዶ ሰው። እኔ ከድር ነኝ፤ ከእንሴኖ ወዲያ ካለች መንደር የመጣሁ የበርበሬ ገበሬ ልጅ፣ ሙስሊም። ያገናኘን የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ በስም ተራ አስቀመጡን፤ ኬ እና ኬ ጎን ለጎን ሆንን፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ አልተነጣጠልንም። እሱ በክስታንኛ ያስባል፣ እኔ በመስቃንኛ፤ ስንግባባ በአማርኛ ነው፣ የሁለታችንም አማርኛ እግሩ የሚያነክስ። ክፍሌ ግራኝ ነበር። እኔ በቀኙ ስለምቀመጥ ወረቀቱ ምንጊዜም ፊት ለፊቴ የተዘረጋ ነው፤ ሲጽፍ የሚከልለው እጅ በሌላ በኩል ነው ያለው። መናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ለሁለት ተከራይተን አንድ ሰሌን፣ አንድ ጆግና አንድ ፍራሽ ይዘን ገባን።

ጥናታችን የሚጀምረው ከምሳ በኋላ ነው። ክፍሌ በገበያው ጥግ ያልፍና አንድ ዙርባ ጫት ይዞ ይመጣል። ዙርባው ሃምሳ ሳንቲም፣ ሻጯ ከወደደችህ አርባ ነው፤ ክፍሌን ትወደው ነበር። የመጀመሪያው ሰዓት በወሬ ያልቃል። በሁለተኛው ሰዓት ምርቃናው ይመጣል፣ ምርቃና ሲመጣ ደግሞ የማይገባህ ነገር የለም። ክፍሌ የታሪኩን ምዕራፍ እንደ ዳዊት ይወጣዋል። እኔ ሒሳብ እሠራለሁ፣ ሒሳቡም እሺ ይለኛል። በመሐሉ ሐኪሞች ሆነን ቡታጅራ ላይ ሆስፒታል እንከፍታለን፣ ከቡኢ እስከ እንሴኖ አስፋልት እናነጥፋለን፣ የክፍሌን እህቶች እንድራለን። ፀሐይ ዘቢደር ጀርባ ስትገባ ሁለታችንም እናኮርፋለን። ጠዋት ስንነሳ ከሆስፒታሉም ከምዕራፉም የተረፈ የለም። አንድ ቀን በምርቃና የጻፍኩትን የሎጋሪዝም ማስታወሻ ገልጬ ባየው፣ ገጹ ሙሉ ቆንጆ ጽሕፈት ነው፤ መጨረሻው ላይ «ስለዚህ» ብዬ ሦስት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ከስለዚህ በኋላ ምንም የለም። ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቀውም።

እኔ ግን አንድ ነገር ነበረኝ። ማለዳ የመነሳት ልማድ አለኝ፤ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ክፍሌ ሲያንኮራፋ መጽሐፍ እገልጣለሁ። የማውቀው ነገር ሁሉ የገባኝ በዚያን ሰዓት ነው፣ ምስጋናውን የሚወስደው ግን የከሰዓቱ ቅጠል ነበር። ክፍሌም ሁለታችን እኩል ቅመን እኔ ብቻ የማውቅበት ምክንያት አልገባው ስላለ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ቀንበጥ በመሐላችን አስቀምጦ እጄን ያዘኝ።

«ጉርዳ እንግባ» አለኝ።

ጉርዳ በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ወይም ሁለት ወገኖች ላይከዳዱ የሚገቡት መሐላ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ቃሉ ተመርጦ ነው የሚገባው። ያፈረሰው ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን ዘሩ ይጠፋል ተብሎ ይፈራል። በሙስሊምና በክርስቲያን መሐል ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይከበራል። እኛ ሽማግሌም ምስክርም አልነበረንም። ምርቃና ነበረን። «የማውቀውን አልደብቅህም» አልኩት። «የማውቀውን አልደብቅህም» አለኝ። ዓይናችን እንባ አቀረረ፣ ተቃቀፍን፣ ከዚያ ለውዝ ፍለጋ ወጣን።

ከማትሪክ በፊት የሞዴል ፈተና ሰጡን። እኔ ደህና አመጣሁ፣ ክፍሌ በሒሳብ ጉድ ሆነ። እኔ ሳጽናናው እሱ ተንጠራራና ሳቀ። «ምን ያስጨንቅሃል ከድር? ማትሪክ ላይ ጎንህ ነኝ። ጉርዳ አለን» አለኝ። ሊኮርጅብኝ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

በዚያን ጊዜ መኮረጅ ነውር እንደነበር አድርገው የሚያወሩ እኩዮቼ አሉ፤ አትስሟቸው። አጤሬራ የምንለው ብጣሽ ወረቀት ካልሲ ውስጥ፣ እጅጌ ውስጥ፣ ሴቶቹ ዘንድ ደግሞ ሻሽ ውስጥ ይገባ ነበር። ዛሬ ፈተናው ግቢ ውስጥ ሆኗል፣ ስልክ ይፈተሻል፣ ልጆቹም በየቀኑ አዲስ ዘዴ ያመጣሉ፤ የእኛም ጭንቅላት ያኔ አላነሰም። ማትሪክ ግን ሌላ ነው። ሰው ከተያዘ የሰጪውም የተቀባዩም ወረቀት ይሰረዛል ተብሎ በሰልፍ ላይ ተነግሮናል። ከመንደራችን ማትሪክ ላይ ለመቀመጥ የመጀመሪያው ልጅ እኔ ነኝ፤ አባቴ ለሚያገኘው ሁሉ ነግሮ ጨርሷል። መልስ ብሰጠው የእኔም የእሱም ፈተና ገደል ሊገባ ነው። ባልሰጠው ደግሞ ጉርዳ አፍራሽ ነኝ፤ እንኳን ዘሬን፣ ወንድሜ ያደረግኩትን ሰው አጣለሁ። ሦስት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። በአራተኛው ቀን ክፍሌን «አጎትህ ዘንድ እንሂድ፣ ይፍረዱን» አልኩት።

አያ በርጋ የክፍሌ አባት ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በቡኢ ዙሪያ ሰው ሲጣላ የሚቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ቀጭን ናቸው፣ ከወገባቸው ጎበጥ ያሉ፣ ኮታቸውን በሙቀትም አያወልቁም። አጥር ሥር ባለ ግንድ ላይ ተቀምጠው ነገራችንን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ቃሉ እንዴት ነበር? እንደወጣ ንገሩኝ» አሉ።

ነገርናቸው።

«ሽማግሌ ማን ነበር?»

«ማንም አልነበረም፣ አያ።»

«ምን ይዛችሁ ነው የገባችሁት?»

እርስ በርስ ተያየን። «ጫት» አለ ክፍሌ ወደ መሬት እያየ።

አያ በርጋ ጢማቸውን ዳሰሱ። እኔ ልቤ ደስ አለው፤ ሽማግሌ የለው፣ ወግ የለው፣ እንዲህ ያለው ጉርዳ አይጸናም ሊሉን ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ። «በቅጠል ላይ ጉርዳ ሲገባ ዛሬ ገና ሰማሁ» አሉ። «ቢሆንም ከአፋችሁ ወጥቷል። ይጸናል።»

ክፍሌ ፈገግ አለ።

«ከድር» አሉኝ፣ «ፈተናው መቼ ነው?»

«ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ አያ።»

«የምታውቀውን ዛሬ ታውቀዋለህ ወይስ ያን ቀን ነው የምታውቀው?»

«ዛሬም አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዛሬ አትሰጠውም? ሦስት ሳምንት አስቀምጠህ ያን ቀን ለምን በስርቆት ትሰጠዋለህ? የፈተናው ቀን ደርሶ ለዚህ ልጅ የምትሰጠው ነገር እጅህ ላይ ከተረፈ፣ እስከዚያ ድረስ ደብቀኸው ነበር ማለት ነው። ጉርዳውን ያን ጊዜ አፈረስክ።» ወደ ክፍሌ ዞሩ። «አንተም የሚሰጥህን ተቀበል። ቅጠል ይዘህ የምትቀበለው ጠዋት አይገኝም ብላችሁኛል። ስለዚህ እስከ ፈተናው ቅጠል አፋችሁ እንዳይገባ፤ የሁለታችሁም።»

ያን ቀን የሰማሁትን ያህል ትክክለኛ ፍርድ ከዚያ በፊትም በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ክፍሌ ግን ወደ ቡታጅራ በምንመለስበት አውቶቡስ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረብኝ።

ሦስቱ ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ክፍሌ እያዛጋ መንጋጋውን ሊያወልቀው ምንም አልቀረው፤ እኔን ራስ ምታት ያዘኝ፣ ያለ ምክንያት እንነጫነጫለን። በገበያው ጥግ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም እንሄድ ነበር። ማለዳ እቀሰቅሰዋለሁ፣ ይሰድበኛል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ እንጀምራለን። እኔ አስተማሪ መሆን እንደምችል ያወቅኩት በዚያ ሰሌን ላይ ነው። ሎጋሪዝም አልገባው ብሎ ሁለት ጊዜ መጽሐፉን ወረወረው። በመጨረሻ «ተወው ስሙን» አልኩት። «ሁለትን ስንት ጊዜ ባባዛት ሠላሳ ሁለት ትሆናለች? ብሎ መጠየቅ ነው። ሌላ ነገር የለውም።» ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈ። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት። አምስት ጣት። የተዘጋውን ጡጫውን አየው፣ «ይቺን ነው እንዴ እንዲህ ያካበዱት?» አለኝ ተናድዶ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየመንገዱ እየቆመ ጣቱን ሲያጥፍ ያየው ሰው አበደ ሊል ይችል ነበር። እኔ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ። የፈተናው የመጀመሪያ ቀን ጠዋት እንግሊዝኛ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ሒሳብ። እንግሊዝኛው ደህና ሆነ። ለምሳ ስንወጣ ክፍሌ ዛፍ ሥር ተጋደመ፤ እኔ ፍርሃት ያዘኝ። የአባቴ ፊት መጣብኝ። «ለዛሬ ብቻ፣ ለሒሳብ ብርታት» ብዬ እግሬ ወደ ገበያው ጥግ ወሰደኝ። ሻጯ ግማሽ ዙርባ ሰጠችኝ፤ አጥር ተደግፌ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ እንደ ፍየል ጨረስኩት። አፌን በውኃ ተጉመጥምጬ ወደ ፈተናው ገባሁ። ሦስት ሳምንት ለክፍሌ የሰበክሁ ሰውዬ ይሄ ነው።

ወረቀቱ ሲታደል ልቤ እንደ ወፍጮ ይመታል። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩት፤ እንዲህ ያለ ውብ ጥያቄ በሕይወቴ አላየሁም። በአንድ መንገድ ሠራሁት፣ ትክክል ነው። በሌላ መንገድ ሠራሁት፣ አሁንም ትክክል ነው። ሥዕል ሣልኩለት፣ ሥዕሉን አጠቆርኩት። ቀና ስል ክፍሌ ወረቀቱን እያገላበጠ ነው፤ ከተሰጠን ሰዓት ሲሶው አልቋል። ከዚያ ወዲያ ሩጫ ሆነ። አፌ ደረቀ። ሊያበቃ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሎጋሪዝሞቹ ላይ ደረስኩ፤ አምስት ጥያቄዎች ተከታትለዋል። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ሁሉ ተጠርጎ ወጥቷል። እኔ ያስተማርኩትን ነገር እኔ ረስቼዋለሁ።

ዓይኔን ወደ ግራ አዞርኩ። የክፍሌ ወረቀት እንደ ልማዱ ወደ እኔ የተከፈተ ይሆናል ብዬ ነበር። ክፍሌ ግን ሥራ የሌለውን ቀኝ እጁን ከክርኑ እስከ ጣቱ በወረቀቱ ዳር አጋድሞታል፤ አንዲት ፊደል አትታይም። ጠበቅኩት፣ አላነሳውም። ሳል አልኩ፣ አልዞረም። ያኔ ከአፌ ምን እንደወጣ ታውቃላችሁ?

«ጉርዳ» አልኩት በሹክሹክታ።

ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበርና ተሰማ። ፈታኙ ከሩቅ አገር የተላከ፣ ክራቫት ያሰረ ረጅም ሰው ነው፤ በሁለት እርምጃ ራሳችን ላይ ቆመ። «ማነው ጉርዳ ያለው? ጉርዳ ሲ ነው ዲ?» አለ። ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ታፈነ። የአባቴ የመጀመሪያ ልጅ፣ የመንደሩ የመጀመሪያ ተፈታኝ፣ እዚያው ላይ ሊሰረዝ ነው፤ ክፍሌንም ይዞት ሊሄድ ነው።

ክፍሌ ተነሳ። «መልስ አይደለም ጌታዬ። ጉርዳ በአገራችን መሐላ ነው።»

«የምን መሐላ?»

«እኔና እሱ ላንኮራረጅ ሽማግሌ ፊት የጨረስነው ነው።»

«አሁን ምን አስነሳው?»

ክፍሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኔን አየ፣ የደረቀ ከንፈሬን አየ፤ የሆነውን ሁሉ ያን ጊዜ አወቀ። «እንዳይረሳው ፈርቶ ነው መሰለኝ» አለ።

ፈታኙ የክፍሌን እጅ አየው፤ ክፍሌ ቆሞ እየተናገረ እንኳን መዳፉ ወረቀቱን እንደሸፈነ ነው። ከዚያ የእኔን ትከሻ ይዞ አስነሳኝና ከፊተኛው ረድፍ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ለፊት አስቀመጠኝ። «አሥራ ሁለት ደቂቃ አለህ» አለኝ። ወረቀቴን አልነጠቀኝም፤ እስከ ዛሬ ዱዓ አደርግለታለሁ።

ከፊቴ ግድግዳ ብቻ ነበር። እፍረቱ ይሁን ድንጋጤው አላውቅም፣ ቅጠሉ ከውስጤ ተጠርጎ የወጣ መሰለኝ። ጥያቄውን ማንበብ ትቼ የክፍሌን የተናደደ ድምፅ ሰማሁ፣ «ይቺን ነው እንዴ እንዲህ ያካበዱት?» ሲል። እጄን ከጠረጴዛው ሥር አድርጌ ጣቶቼን አጠፍኩ። ሦስት፣ ዘጠኝ፣ ሃያ ሰባት፣ ሰማንያ አንድ። አራት። ቀጣዩን ሠራሁ፣ ቀጣዩን ሠራሁ። ከአምስቱ አራቱን ጨርሼ አምስተኛው ላይ ሳለሁ ደወሉ ተደወለ። ክፍሌ ውጭ ጠበቀኝ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። «ቅመሃል» አለኝ ብቻ። «ቅሜያለሁ» አልኩት። ሻይ ቤት ገባን፣ ሁለት ሻይ አዘዘ፤ ቴፗም በደከመ ባትሪ ታለቅሳለች።

ዛሬ ክፍሌ መንገድ ሲቀይስ ኖሮ፣ ጉልበቱ አስቸግሮት ቡታጅራ ቤቱ ያርፋል። ከቡኢ እስከ እንሴኖ ያለውን አስፋልት ብቻዬን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ ብሎ ለልጆቹ ነግሯቸዋል፤ ከብዙ ሰዎች አንዱ ነበር፣ ግን አላጋልጠውም። አንዳንዴ ከሰው መሐል ያስቀምጠኝና «ይህን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ከልክዬዋለሁ» ይላል። እኔም በሰው ፊት ሳልሽኮረመም እናገራለሁ፤ ዘመዶቼ ካደረጉልኝ ሁሉ የዚያን የክፍሌ እጅ ውለታ የሚያህል የለም። ያን ቀን አንዲት ፊደል ቢያሳየኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን ልጆችን ቀና ብዬ አላይም ነበር።

ፈተናው ባለቀ ማግስት ወደ አዲስ አበባ በርበሬ የሚጭን መኪና ላይ ከጆንያዎቹ በላይ ተሳፍረን እስከ ቡኢ እያስነጠስን ዘፈንን። አያ በርጋ ግንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«ማን ደበቀ?» አሉ ገና ሳንቀመጥ።

«እኔ ደበቅኩት» አለ ክፍሌ። «በእጄ ከልዬ።»

«ደግ አደረግህ። አንተስ?»

ልዋሽ እችል ነበር፤ ክፍሌ አጠገቤ ቆሞ ጫማውን ያያል። «እኔ ቃምኩ፣ አያ» አልኩ። «ጉርዳውንም ለመኮረጅ ጠራሁት።» ሁሉንም ነገርኳቸው። የፈታኙ «ሲ ነው ዲ?» ላይ ስደርስ ሽማግሌው ኮታቸውን ይዘው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲረጋጉ ግን ፊታቸው ተመለሰ። ጉርዳ የጣሰ ሰው ካሳ አለበት፤ ስለ በግ ሊያወሩኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ካሳህን ከምታውቀው ትከፍላለህ» አሉ። «ክረምቱን እዚህ ቆይተህ የመንደሩን ልጆች ሒሳብ አስተምር። ጉርዳህ ከክፍሌ ጋር ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የምታውቀውን አንዱንም አትደብቃቸውም።»

ያ ክረምት ከሕይወቴ ሁሉ የበለጠ ነበር ብል ሚስቴ ትቀየመኛለች፣ ግን ነበር። በአያ በርጋ የእህል ጎተራ ውስጥ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ከሠላሳ የሚበልጡ ልጆች ጆንያ ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን ያጥፋሉ። ቆጮ በጎመን እበላለሁ፤ በቤቱ በግ ሲታረድ ደግሞ አያ በርጋ የእኔን ድርሻ ከሙስሊም ጎረቤታቸው ያስመጡልኝ ነበር። ጫት ትዝ ያለኝ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው። ጮክ ብዬ ለማስረዳት ስሞክር እኔ ራሴ ያልገባኝን ስንቱን ነገር እዚያ ጎተራ ውስጥ አወቅኩት።

ውጤት ወጣ የተባለ ቀን ክፍሌ ማለዳ ወደ ቡታጅራ ሄዶ ከሰዓት በኋላ በጭቃ ተለውሶ ተመለሰ። ጎተራው በር ላይ ቆሞ ትንፋሹን መሰብሰብ አቃተው። «አለፍን» አለ። ልጆቹ እልል አሉ። «ሁለታችንም?» አልኩ። «ሁለታችንም። አንተ በሒሳብ ቢ ነህ።» «አንተስ?» ጭቃ የነካውን ፊቱን በእጅጌው ጠረገና «ኤ» አለኝ። ተንደርድሬ አቀፍኩት፣ ሁለታችንም ጆንያ ላይ ወደቅን። ተማሪዬ በልጦኛል። የዚያን ቀኑን ያህል በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

ወዲያው ወደ አያ በርጋ ሮጥኩ። አባቴ ዘንድ ሄጄ ማብሰር አለብኝ፣ ግቢ የምገባበትም ቀን ቅርብ ነው። ውጤቱን ነገርኳቸው፣ መረቁኝ። ከዚያ እንደ ልጅ ፈራ ተባ እያልኩ፣ «አያ፣ እንግዲህ ካሳዬን ጨረስኩ?» አልኳቸው።

«የምታውቀው አለቀ?» አሉኝ።

«አላለቀም፣ አያ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ።»